የፍሪጅ ቱቦ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ጥር ሲገባ ኮምፒውተሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ፋኑ ሲጮህ ወፍጮ ቤት የተኛሁ ይመስለኛል። ፕሮሰሰሩ ባለ 12 ኮር ራይዘን 9 3900ኤክስ ነው። ካርቶኑ ላይ 105 ዋት ይላል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን እስከ 142 ዋት ይስባል። ያ ሁሉ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል።

ስለዚህ በውሃ ላቀዘቅዘው ወሰንኩ። ያውም በላስቲክ ቱቦ ሳይሆን በተቆለመመ መዳብ። ለምን መዳብ ካላችሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስለሚያምር ነው። ብዙ ሰው «መዳብ ስለሆነ ቱቦው ራሱ ያቀዘቅዛል» ይለኛል። ቱቦው የሚጨምረው ከቁጥር አይገባም። ሙቀቱን ወደ አየር የሚያስወጣው ራዲያተሩ ነው። ቱቦ መንገድ ነው።

ጅማ የማይገኙት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረው ዋተር ብሎክ፣ ፓምፑ ከነውሃ ማጠራቀሚያው፣ ራዲያተሩና ቱቦውን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኙት ፊቲንጎች። እነዚህን ዱባይ ከሚመላለስ ሰው አስመጣሁ። ለዚህ ፕሮሰሰር ባለ 240 ሚሊ ሜትር ራዲያተር ይበቃል ይባላል። እኔ 360ውን ወሰድኩ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያው ፋን ነው፤ የሚገፋው አየር ግን ቀለል ያለ ነው፤ የሚሸከመውም ሙቀት ያንሳል። ቦታ ካላችሁ ከፍ ያለውን ውሰዱ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ራዲያተሩ የመዳብ ወይም የነሐስ ይሁን። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። ጋራዥ ሄዳችሁ የመኪና ማሞቂያ ራዲያተር ለማምጣት ያሰባችሁም አላችሁ። እኔም አስቤ ነበር። የአዳዲሶቹ መኪኖች አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ መጀመሪያ ጠርዙን ፋቅ አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ።

ቱቦውን ያገኘሁት መርካቶ አካባቢ ፍሪጅ ከሚጠግን ሰው ነው። የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ጥቅል ለስላሳ መዳብ፣ ግማሽ ኢንች፣ አምስት ሜትር ቆርጦ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ። ፊቲንጎቹ ሲመጡ ግን አንዱም አልገባም። የፍሪጅ ግማሽ ኢንች ቱቦ የውጭ ውፍረቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ያዘዝኩት ፊቲንግ የ12 ሚሊ ሜትር ነበር። ሰባት አስረኛ ሚሊ ሜትር ናት ብላችሁ በሞረድ ለማሳሳት እንዳትሞክሩ። እኔ ሞክሬ ግማሽ ቀን አባከንኩ። ቱቦው ክብነቱን ሲያጣ ፊቲንጉ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት (ኦሪንግ) አይዘጋም።

መፍትሔው ሲገኝ ከመጀመሪያው ሐሳብ የተሻለ ሆነ። ፊቲንጎቹን ቀይሬ ጎማ ቱቦ የሚሰካባቸውን ባለ ጥርስ አስመጣሁ፤ ጎማው የሚሰካበት በኩል 13 ሚሊ ሜትር፣ ዕቃው ላይ የሚጠመዘዘው ጥርሳቸው ደግሞ የኮምፒውተር ውሃ ዕቃዎች የተለመደው ጂ አንድ አራተኛ። በመዳቡና በፊቲንጉ መካከል አምስት ሴንቲ ሜትር የምትሆን ለስላሳ ጎማ ትገባለች። በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ፣ ማለትም በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት፣ ትጠበቃለች። ይህች ጎማ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስሕተት ትሸፍናለች። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመዳቡ ጫፍ ለስላሳ ስለሆነ ጎማው እንዳይንሸራተት ጋሼ በፍሌር መሣሪያው ጫፎቹን ለአመል ያህል ከፈት አደረገልኝ። ትንሽ ከንፈር አወጣላቸው ማለት ነው። ፋሸታው ከከንፈሩ ኋላ ይጠብቃል። ፋሸታውን ጎማው ላይ ቀድማችሁ ማስገባት እንዳትረሱ፤ ይህን ስንት ጊዜ ረስቼ እንደፈታሁ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ማጠፉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቱቦዎች ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው ያጠፍኩት። ሁለቱም እንደ ሸንበቆ ተጨፍልቀው ተሰበሩ። ቀጥሎ የሰማሁትን የአሸዋ ዘዴ ሞከርኩ። ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆ ሁለቱን ጫፍ መድፈን። አሸዋውን ያደረቅኩት እናቴ ቡና በምትቆላበት ምጣድ ስለነበር የደረሰብኝን ተግሣጽ ተውት። ዘዴው ይሠራል፤ መዳቡ ቆንጆ ሆኖ ታጠፈ። ጉዱ የታየው በኋላ ነው። በደንብ አጠብኩት ብዬ ገጠምኩ። በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ 90 ደረሰ። ብሎኩን ስፈታው አሸዋ! የዋተር ብሎክ ውስጡ ከማበጠሪያ ጥርስ በጣም የቀጠነ የመዳብ ቅጠል ነው። ጥቂት ፍሬ አሸዋ በቂው ነው። አሸዋውን እርሱት።

የጠቀመኝ የጅማ እንጨት ሠሪ ነው። በርጩማና ወንበር የሚሠሩ ሰዎች ሞልተውን ስለ ቱቦ ማጠፊያ መሣሪያ (ቤንደር) መጨነቄ ይገርመኛል። ከዋንዛ ክብ ፎርማ አስቀረጽኩ። ከመሐሉ እስከ ቱቦው መሐል ያለው ርቀት 38 ሚሊ ሜትር። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ግማሽ ክብ ቦይ አለው፤ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር። ሌላ ተመሳሳይ ቦይ ያለው አጭር እንጨት ደግሞ ከውጭ በኩል ይጫናል። ቱቦው በሁለቱ ቦይ መካከል ስለሚታቀፍ ወደ ጎን መጨፍለቅ አይችልም። የፍሪጅ ሠሪዎች የብረት ቤንደርም ሥራው ይኸው ነው። ካገኛችሁ ተዋሱ። እንጨት ሠሪው ስጠመዝዝ ቆሞ እያየ «ሱታ! ሱታ ልጄ!» ይለኝ ነበር። ልክ ነው፤ ቀስ ማለት ነው። በአንድ ትንፋሽ፣ ሳታቋርጡ፣ ግን በዝግታ። 90 ዲግሪ ከፈለጋችሁ ሁለት ሦስት ዲግሪ አሳልፉት፤ ስትለቁት ትንሽ ይመለሳል።

ከመቆልመም በፊት ግን መለካት አለ። የጥቅሉን ቱቦ ወለል ላይ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ እየተረተራችሁ ዘርጉት፤ ከዚያ በጣውላ ጫን እያላችሁ አንከባሉት፣ ይቃናል። ከዚያ ወፍራም የመብራት ሽቦ ውሰዱና ኬዙ ውስጥ ቱቦው የሚሄድበትን መንገድ በሽቦው ሥሩ። ሽቦውንም በዚያው ፎርማ እጠፉት። ሽቦ ብታበላሹ ምንም አይደለም። መዳብ ግን አንዴ ከታጠፈ ይጠነክራል፤ መልሶ አቅንቶ ማጠፍ መሰንጠቅን መጋበዝ ነው። የግድ ከሆነ በመበየጃ እሳት ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አሙቃችሁ ስታቀዘቅዙት ይለሰልሳል።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማዕዘኑ ላይ ነው። መንገዱን በቀጥታ እስከ ማዕዘን፣ ከማዕዘን ደግሞ ወደ ታች ብላችሁ ብትለኩ ቱቦው ይረዝምባችኋል። በ38 ሚሊ ሜትር ፎርማ አንድ የ90 ዲግሪ እጥፋት 60 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበላል። በማዕዘን የለካችሁት ግን 76 ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ እጥፋት 16 ሚሊ ሜትር ቀንሱ። ቢሆንም ሁለቱም ጫፍ ላይ ትርፍ ትታችሁ መጨረሻ ላይ መቁረጡ ይሻላል። አንድ ቱቦ ላይ ሁለት እጥፋት ካለ ደግሞ ቱቦው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማርከር ቀጥ ያለ መስመር ሥሩ። ያለዚያ ሁለተኛው እጥፋት ዞር ብሎ ቱቦው ጠማማ ይሆናል።

የምትቆርጡት በቱቦ መቁረጫ ነው፤ የብረት መጋዝ ብናኝ ይተዋል። መቁረጫው ወደ ውስጥ የሚያስቀረውን ጠርዝ ፋቁ። ከዚያ ክር ላይ ጨርቅ አስራችሁ በቱቦው ውስጥ ሳቡ፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ኮምጣጤ በውሃ አቅጥናችሁ እጠቡት፣ መጨረሻውን በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁ። ስትገጥሙ መዳቡ ማዘርቦርዱንም ሆነ የቪዲዮ ካርዱን ጀርባ እንዳይነካ፤ መዳብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ።

ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት በአየር ፈትሹ። እህቴ ነርስ ናት። ጨርቁ ተቀድዶ የተጣለ የደም ግፊት መለኪያ ሰጠችኝ። ቱቦውን ከአንዱ ፊቲንግ ጋር አገናኝቼ፣ ሌላውን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኜ፣ በእጅ መንፊያው እስከ 200 ነፋሁት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀቡ፣ ቦታውን ያሳያችኋል። ይህን ፈተና የወደድኩት መብራት ስለማይፈልግ ነው። ውሃ ሞልቼ ለ24 ሰዓት ልፈትሽ ባልኩበት ቀን መብራት ሦስት ጊዜ ሄዷል።

ውሃው ዲስቲልድ ይሁን። መኪና ዕቃ መሸጫ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ነው የተጠቀምኩት። ግን ጽሑፉን አንብቡ፤ ጎን ለጎን የሚደረደረው የባትሪ አሲድ ነው! አንድ ጓደኛዬ «የጅማ ዝናብ እያለ ውሃ ትገዛለህ?» አለኝ። ዝናቡ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚያወርደውን ቆሻሻ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ዲስቲልዱ ላይ የዝገትና የአልጌ መከላከያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩበት።

ስትሞሉ ፓምፑ ብቻ መብራት ያግኝ። ፓወር ሰፕላዩን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ከባለ 24 ፒኑ መሰኪያ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙ። ሌላ ነገር ሁሉ ተነቅሎ ይቆይ፤ ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን ወደ ሶኬት መልሱት። ማጠራቀሚያው ከፓምፑ ከፍ ብሎ፣ በውሃው መንገድ ላይ ከፓምፑ በፊት ይሁን። ጥቂት ሰከንድ ማስነሳት፣ ማጥፋት፣ መሙላት። ፓምፕ ደርቆ ከሠራ ይቃጠላል። ከዚያ ኬዙን ወዲህ ወዲያ ዘንበል እያደረጋችሁ አረፋውን አስወጡ። በየመገጣጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፉና እደሩ። የእኔ አንዱ ሶፍት ጠዋት እርጥብ ነበር፤ ፋሸታውን ግማሽ ዙር ሳጠብቀው አለቀ።

ድሮ በአየር ማቀዝቀዣ 87 ይደርስ የነበረው አሁን ሲቀናበር ከ72 አያልፍም። ጋሼ ሊያየው መጣና ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ጋዙን በየት በኩል ነው የሞላኸው?» አለኝ።

መዳቡን ስወለውል አልኖርም ብዬ ተውኩት። በሁለት ወር ውስጥ ወደ ቡና ቀለም ሄዷል። ውሃውን በዓመት አንዴ እቀይራለሁ። እናንተ ስትሠሩ ከታች በኩል ማፍሰሻ ቧንቧ ግጠሙለት። እኔ ስለረሳሁ ባለፈው ኮምፒውተሩን ከነሙሉ ክብደቱ ሁለት ሰዎች ተሸክመን ሳፋ ላይ ደፍተነዋል።