የያማሃ ዲኤክስ7 ድምፆች ሳይጠፉ ባትሪ መቀየር

ዲኤክስ7 የተባለውን የያማሃ ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ (ሲንተሳይዘር) 32 ድምፆች የምታቆየው ቦርዱ ላይ የተበየደች አንዲት ባትሪ ናት። እሷ ካለቀች ድምፆቹም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከመቀየሬ በፊት ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጣቸው ፈለግኩ።

ችግሩ ይሄ ነበር፦ ሚዲ-ኦክስ (በሚዲ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር በሚነጋገሩበት መንገድ፣ የሚልክና የሚቀበል የኮምፒውተር ፕሮግራም) ከኪቦርዱ የሚመጣውን ይቀበላል፤ መልሼ ስልከው ግን ኪቦርዱ ላይ ምንም አይለወጥም። ድራይቨሩን እንደገና ጫንኩ። ሚዲ ቻናሉን 1 አደረግኩ። ወይ ፍንክች!

ፍንጩ የተገኘው ኮምፒውተሩ ላይ ካስቀመጥኩት ፋይል መጠን ነው። የ32 ድምፅ ፋይል ልክ 4104 ባይት መሆን አለበት። የእኔ ሁሌም ያንሳል፣ ያውም በየጊዜው የተለያየ ነው። ርካሹ የዩኤስቢ ሚዲ ገመድ ረጅም መልእክት ሲመጣበት መሃል መሃሉን ይጥላል። ኖታ ሲጫወቱበት ደህና ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥረውም።

ደህና የሚዲ ኢንተርፌስ (ኪቦርዱን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ መሣሪያ) ተውሼ ሰካሁ። ኪቦርዱ ላይ የፈንክሽንን ቁልፍ፣ ቀጥሎ 8ን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ «ሲስ ኢንፎ» (ድምፆቹን በሚዲ መላክና መቀበል የሚፈቅደው ቅንብር) ሲመጣ «አቬይል» (ክፍት) አደረግኩት። እንደገና 8፤ «ሚዲ ትራንስሚት» ብሎ ሲጠይቅ «የስ»። አንድ ሰከንድ አለፍ ሲል አለቀ። 4104!

ባትሪውን ቀይሬ ስከፍተው የድምፆቹ ስም ትርጉም የለሽ ፊደል ሆኖ ነበር። አትደንግጡ፣ ያለ ነው። «ሜሞሪ ፕሮቴክት ኢንተርናል»ን (የውስጥ ሜሞሪውን መከላከያ) ተጭናችሁ «ኖ» በሉ፤ መከላከያው ካልጠፋ የምትልኩትን አያስገባም። ከዚያ ፋይሉን ላኩ። ሁሉም በየቦታው ተመለሰ።

ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡት። መጠኑን ሳታዩ ደግሞ ብየዳ አትንኩ።