የቡድናችን መከላከል ሲያንገበግበን የምንሠራቸው ስህተቶች

ኦክቶበር 22 ቀን 2024፣ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ መክፈቻ ምሽት። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ኒው ዮርክ ኒክስ ቦስተን ድረስ ሄዶ ከሻምፒዮኑ ሴልቲክስ ጋር ይጫወታል። አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። እንቅልፉን ሠውቶ የተቀመጠ የኒክስ ደጋፊ ያገኘው የ132 ለ 109 ሽንፈት ነው። ሴልቲክስ በዚያ ምሽት 29 ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ (ከሩቁ መስመር ውጭ የሚወረወር) አስገብቶ የሊጉን ሪከርድ ተጋራ።

ሳይነጋ ፍርዱ ተሰጥቶ አለቀ። አዲሱ ረጅም ተጫዋች ታውንስ መከላከል አይችልም። ብሪጅስ የተከፈለበትን አምስት የመጀመሪያ ዙር ድራፍት (አዲስ ተጫዋች የመምረጥ ዕድል) አያወጣም። አሠልጣኙ ቲቦዶ ጊዜው አልፎበታል። እኔም ከፈራጆቹ አንዱ ነበርኩ። ገና 81 ጨዋታ ይቀር ነበር።

ያ ቡድን መደበኛውን ውድድር 51 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ጨረሰ። ከ2000 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም የምሥራቅ ኮንፈረንስ (የሊጉ አንድ ግማሽ) ፍጻሜ ደረሰ። ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት ከንቱ ነበር? ግማሹ አዎ። ግማሹ ግን ልክ ነበር። እኛ የቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተን እንጂ።

የገባብንን ነጥብ ብቻ መቁጠር

"120 ገባብን እኮ!" ይባላል። በስንት ኳስ? ፈጥኖ የሚሮጥ ቡድን በአንድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ያጠቃል፣ ብዙ ጊዜም ይጠቃል። እያንዳንዱ የማጥቃት ተራ ፖሰሽን ይባላል። 105 ፖሰሽን በነበረበት ጨዋታ 120 የገባበት ቡድን፣ በመቶ ፖሰሽን ሲሰላ 114 ገባበት ማለት ነው። 96 ፖሰሽን ብቻ በነበረበት ዝግ ያለ ጨዋታ 112 የገባበት ቡድን ደግሞ ወደ 117 ይጠጋል። የከፋው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በመቶ ፖሰሽን የተሰላውን ቁጥር እዩ፤ የትኛውም የስታትስቲክስ ገጽ ላይ አለ።

ተጨማሪ ሰዓትም ያሳስታል። ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ተቀያሪዎች ገብተው የሚለዋወጡት ነጥብም እንዲሁ። "ድሮ እኮ" የሚሉትን በተመለከተ፣ የ2004 ሻምፒዮን ዲትሮይት ፒስተንስ በመደበኛው ውድድር በአማካይ 84 ነጥብ ገደማ ነበር የሚገባበት። ዛሬ በጣም ጥሩ የሚከላከል ቡድን እንኳ ከ100 በላይ ይገባበታል። ጨዋታው ሌላ ሆኗል። ቡድናችሁን ከዘንድሮዎቹ 29 ቡድኖች ጋር ብቻ አነጻጽሩ።

የገባውን ሦስት ነጥብ ሁሉ ተከላካዩ ላይ መጫን

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ በላይ የሚያታልለን ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልየው።

ከሦስት ነጥብ ውርወራ ላይ ተከላካይ በእጁ ያሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ስንት ጊዜ ይወረወራል? ማን ይወረውራል? ከየት? ምን ያህል ተዝናንቶ? ኳሷ ከእጅ ከወጣች በኋላ ግን ጉዳዩ የወርዋሪውና የቀለበቱ ነው። ጥሩ ወርዋሪ አንድ ምሽት ከአሥር ስድስት ያስገባል፣ በማግስቱ ሁለት። በ5 ጨዋታ ውስጥ ይሄ መዋዠቅ አንድን ቡድን የሊጉ ጭራ ወይም የሊጉ ቁንጮ ሊያስመስለው ይችላል። በ82 ጨዋታ ውስጥ አብዛኛው ይስተካከላል።

ወደዚያ ምሽት እንመለስ። ሴልቲክስ 61 ወርውሮ 29 አስገባ። በዓመቱ በሙሉ የነበረው አማካይ ግን ወደ 37 በመቶ ነው። በዚያ ልክ ቢያስገባ ኖሮ ከ61ዱ 22 ወይም 23 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 20 ነጥብ ገደማ ነው፤ ኒክስ የተሸነፈው በ23 ነው።

"ስለዚህ ጥሩ ተከላክለው ነበር" እያልኩ አይደለም። ደጋፊው መናደድ የነበረበት በ29ኙ ሳይሆን በተወረወረው ብዛት ነው። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሴልቲክስ መጨረሻ ላይ ሪከርዱን ብቻውን ለመያዝ 30ኛዋን ፍለጋ ሲወረውር 13 ተከታታይ ኳስ ስቷል። እነዚያን ብንቀንስ 48 ይቀራል፤ 48 ደግሞ ለሴልቲክስ የተለመደ የአንድ ጨዋታ መጠን ነው። ከ48 ላይ 29! ይሄ 60 በመቶ ነው። ማንም ቡድን ማንም ላይ በየቀኑ 60 በመቶ አያስገባም።

የዚህ ታሪክ ምርጡ ክፍል የመጣው በሜይ ነው። ያው ሜዳ፣ ያው ተጋጣሚ፣ የጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ። ሴልቲክስ 60 ወርውሮ 15 ብቻ አስገባ። 45 ኳስ መሳቱ በጥሎ ማለፍ ታሪክ ሪከርድ ሆነ። በሁለተኛውም ጨዋታ ከ40 ላይ 10 ብቻ። ኒክስ ሁለቱንም ከ20 ነጥብ ተመሪነት ተነስቶ አሸነፈ፤ 108 ለ 105 በተጨማሪ ሰዓት፣ ከዚያ 91 ለ 90። በኦክቶበር "ወንፊት" ያልናቸውን ሰዎች በሜይ "ግንብ" አልናቸው። ብሪጅስ በሁለቱም ጨዋታ የመጨረሻ ሰከንዶች ላይ ኳስ ነጥቆ ጨርሷል፣ ይሄ የራሱ ሥራ ነው። ግን 60 እና 61 ውርወራ ያው ነው። የተለወጠው ትልቁ ነገር መግባት አለመግባቱ ነው።

እናስ ምን እንይ? የማዕዘኗን ሦስት ነጥብ። ማዕዘን ላይ መስመሩ ከቅርጫቱ 6.7 ሜትር ነው፣ መሀል ላይ ግን 7.24። ቡድናችሁ ከማዕዘን ደጋግሞ ባዶ ሰው የሚሰጥ ከሆነ ኳሱ ገባም ሳተም ችግር አለ። ጎበዝ የማይባል ወርዋሪ ከመሀል ወርውሮ አራት ካስገባባችሁ ደግሞ ሻይ ጠጥታችሁ እደሩ።

መጨረሻ ላይ የታየውን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ

በእግር ኳስ ጎል ሲገባ በረኛውን የሚሰድብ ተመልካች አለ አይደል? የመሀል ተጫዋቹ ኳስ አስነጥቆ፣ ተመላላሹ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ሁለት ሰው ታልፎ፣ ስድቡ በረኛው ላይ ያርፋል። ቅርጫት ኳስም ላይ ያው ነው። ረጅሙ ሰውዬ ቀለበቱ ሥር ቆሞ ሲቆጠርበት እናያለን። "ቆሞ ያያል!" እንላለን።

የሆነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ተጋጣሚው ፒክ ኤንድ ሮል ይጫወታል። አንዱ መጥቶ የኳስ ያዡን ጠባቂ በገላው ይጋርደዋል። ጠባቂው ግርዶሹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አሁን ረጅሙ ተከላካይ ብቻውን ለሁለት ሰው ነው፤ ኳስ ያዡ ከፊቱ፣ ወደ ቀለበቱ የሚሮጠው ከጎኑ። ከወዲያኛው ማዕዘን አንድ ሰው ለእርዳታ መግባት አለበት። ከገባ የማዕዘኑ ሰው ባዶ ይሆናል። ካልገባ ረጅሙ ይቀጣል። ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል እኛ የምናየው የመጨረሻውን ሰው ነው። ጥፋቱ ግን ከሦስት ሰከንድ በፊት፣ ሌላ ቦታ ተሠርቷል። ስለዚህ ሪፕሌይ ስታዩ ወደ ኋላ መልሱትና ግርዶሹ ላይ ያለውን ሰው እዩ።

ካርል-አንቶኒ ታውንስን እንውሰድ። ሚኒሶታ እያለ ሁለት ዓመት ከመከላከል ኮከቡ ሩዲ ጎቤር ጎን ተጫውቷል። በ2023-24 ያ ቡድን በመከላከል የሊጉ አንደኛ ነበር። ኒው ዮርክ ሲመጣ ከኋላው ማንም የለም። የኒክስ ረጅም ተጫዋች የነበረው አይዛያ ሃርተንስታይን ወደ ኦክላሆማ ሄዷል። ሌላው ረጅም ሚቸል ሮቢንሰን ከቁርጭምጭሚት ቀዶ ሕክምና እያገገመ ነው፤ እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ አልተመለሰም። ታውንስን ያመጣው የተጫዋቾች ልውውጥ የተጠናቀቀው ደግሞ ከመክፈቻው ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሰውየው ግሩም ተከላካይ ነው ማለቴ አይደለም፣ አይደለም። ግን የመጨረሻው ዘበኛ የሆነ ሰው ፊት ለፊት ያለው በር ሲከፈት ሁሌ እሱ ነው የሚዋረደው። ያ የፊት በር ደግሞ ብዙ ጊዜ 1.88 ሜትሩ ጄለን ብራንሰን ነበር፤ ተጋጣሚዎች አነጣጥረው የሚመጡበት። ብራንሰንን መውቀስ ግን ማንም አይፈልግም፣ ምክንያቱም በማጥቃቱ ነፍሳችንን ይዟል።

ብሎክና ስቲል መቁጠር

አጭር ነው። ብሎክ ውርወራን በእጅ መመለስ ነው፣ ስቲል ኳስ መንጠቅ። ኳስ ለመንጠቅ ዘሎ የሳተ ተጫዋች ቡድኑን አራት ለአምስት አድርጎ ይተዋል፣ ያ ግን የትም አይመዘገብም። ሁለት ጊዜ ሲነጥቅ ይጨበጨብለታል፣ አምስት ጊዜ ሲስት ሌላ ሰው ይሰደባል።

ማጥቃቱን መርሳት

መከላከል የሚጀምረው የራሳችን ኳስ ከእጅ ስትወጣ ነው። ቱርንኦቨር (ኳስ ማስነጠቅና ማባከን) ካበዛን ተጋጣሚው ባዶ ሜዳ ላይ ይሮጣል፤ እዚያ ላይ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም ቢቆም ዋጋ የለውም። ሁሉም ለሪባውንድ (ስቶ ለሚመለስ ኳስ) ወደ ቀለበቱ ከተንጋጋም ወደ ኋላ የሚመለስ ይጠፋል። አዲስ የተገጣጠመ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኳስ የሚያባክነው እርስ በርሱ ገና ስላልተግባባ ነው፣ ቅጣቱ ግን የሚታየው በመከላከል ቁጥሩ ላይ ነው።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሪባውንዱ አለ። 20 ሰከንድ ጥሩ ተከላክሎ ተጋጣሚው ከሳተ በኋላ ኳሷን ለእሱ መልሶ መስጠት ያናድዳል። ከ2018-19 ጀምሮ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ለመወርወር የሚሰጠው ሰዓት ወደ 14 ሰከንድ ነው የሚመለሰው፤ ቢሆንም የተበታተነ መከላከል ላይ 14 ሰከንድ በቂ ነው።

ሁሉንም ነገር "ጥረት የላቸውም" ብሎ መዝጋት

ይሄ ፍርድ ለመናገር ይመቻል፣ ለማስረዳት አይጠቅምም። የ2021-22 ሴልቲክስን አስታውሱ። መክፈቻው ላይ በኒክስ 138 ገባበት፤ ሁለት ተጨማሪ ሰዓት ነበረው። ኖቬምበር 1 ቺካጎ ቡልስን በ14 እየመራ አራተኛው ሩብ ውስጥ ገባ። በዚያ ሩብ 39 ለ 11 ተሸንፎ ጨዋታው 128 ለ 114 አለቀ። ቦስተን ውስጥ የተባለው እንዲያው "ልብ የላቸውም" ነበር።

አሠልጣኙ ኢሜ ኡዶካ ግን ዋና አሠልጣኝ ሲሆን የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። ግርዶሽ በመጣ ቁጥር ሁሉም ሰው እንዲቀያየር አዝዟል። እንዲህ ያለ ስዊች ቋንቋ ይፈልጋል። ማን "ያዘው" አለ፣ ማን ሰማ፣ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ። በዚያ ላይ ረጅሙ ሮበርት ዊልያምስ እየተቀያየረ ከቀለበቱ ርቆ ይገኛል። በኋላ ኡዶካ ዊልያምስን ከሁሉ ደካማ ወርዋሪ ጋር አጣመረውና ቀለበቱ አካባቢ እንዲዞር ፈቀደለት። 18 አሸንፎ 21 የተሸነፈው ቡድን በ51 ድል ጨረሰ። በመከላከል የሊጉ አንደኛ ሆነ፣ ፍጻሜም ደረሰ። ማርከስ ስማርት የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፤ ከ1996ቱ ጌሪ ፔይተን ወዲህ የመጀመሪያው ጋርድ (ከቀለበቱ ርቆ የሚጫወት ተጫዋች)። ልባቸው ያው ልብ ነው። የተቀየረው አቀማመጡ ነው።

ሩጫውን ለመለካት ከፈለጋችሁ አንድ ነገር ብቻ እዩ። ኳስ ከጠፋ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ሩጫ ናቸው ወይስ ከዳኛ ጋር ክርክር?

"ገና ነው" ብሎ መተኛት

የቸኳዩ ተቃራኒ። ይሄኛው ስለ ምንም ነገር ከጃንዋሪ በፊት አያወራም። የሚጠቅሰውም የ2001 ሌከርስን ነው። በመከላከል ከሊጉ አጋማሽ በታች ሆኖ ጨርሶ ጥሎ ማለፉን 15 ለ 1 አጠናቀቀ። እውነት ነው። ግን ያ ቡድን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በመከላከል አንደኛ ነበር። መቻሉን አሳይቶ ነው የሰነፈው። አሳይቶ የማያውቅ ቡድን ሌከርስን መጥቀስ አይችልም።

አንዳንድ ነገር በአሥር ጨዋታ ውስጥ ይታያል፣ እዚያው ይቆያልም። ቀለበቱ ሥር ምን ያህል ውርወራ እየተፈቀደ ነው? ተጋጣሚዎች ሁሌ አንድ ሰው ላይ እየመጡ ነው? የኒክስ እንዲህ ያለ ነበር። ብራንሰንና ታውንስን በአንድ ፒክ ኤንድ ሮል ውስጥ ማስገባት፣ ይሄን ሁሉም አሠልጣኝ በኖቬምበር አይቶታል።

ሜይ 21 የኮንፈረንሱ ፍጻሜ ተጀመረ። ኒክስ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ሲቀር ኢንዲያናን በ14 እየመራ በተጨማሪ ሰዓት 138 ለ 135 ተሸነፈ። አሮን ኔስሚዝ በአራተኛው ሩብ ብቻ ስድስት ሦስት ነጥብ አስገባ። ይሄኛው ውርወራ ነው፣ ላይደገም ይችላል። ሁለተኛውንም ጨዋታ ተሸነፈ። በሦስተኛው ላይ ቲቦዶ ጆሽ ሃርትን አስቀምጦ ሮቢንሰንን ከታውንስ ጎን በመክፈቻ አምስት ውስጥ አሰለፈ። ኒክስ ከ20 ነጥብ ተመሪነት ተነስቶ 106 ለ 100 አሸነፈ። ጥሎ ማለፉን ጨምሮ የዓመቱ 97ኛ ጨዋታው ነበር። የኮንፈረንሱን ፍጻሜ በመጨረሻ ኢንዲያና 4 ለ 2 ወሰደው፤ ቲቦዶም ጁን 3 ተሰናበተ።