ሰገራን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ የተሳሳተ ውጤት የሚጀምረው ስላይዱ ማይክሮስኮፕ ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው።

ናሙናን ማቆየት። የአሜባ ትሮፎዞይት (የሚንቀሳቀሰውና የሚመገበው ቅርጹ) ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቶሎ ይሞታል። ፈሳሽ ሰገራ በ30 ደቂቃ፣ ለስላሳው በ1 ሰዓት ውስጥ ካልታየ እንቅስቃሴ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በሞቃት ክፍል ያደረ ናሙና ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ የመንጠቆ ትል እንቁላል ይፈለፈልና የወጣው እጭ ስትሮንጊሎይድስ (ሌላ የአንጀት ትል) ተብሎ ይመዘገባል። አፉን ይመልከቱ፦ የመንጠቆ ትል እጭ የአፍ ቦይ ረጅም ነው፣ የስትሮንጊሎይድስ አጭር።

ወፍራም ስላይድ። ከሥሩ የተቀመጠ ጽሑፍ የማይነበብ ከሆነ ሰገራው በዝቷል።

አዮዲን ብቻ መጠቀም። አዮዲን የሲስትን (በሽፋን የተከለለውን የጥገኛ ተሕዋስ ቅርጽ) ኒውክሊየስ ያጎላል፣ ትሮፎዞይትን ግን ይገድላል። በአንዱ ስላይድ ላይ በአንድ በኩል 0.85 በመቶ ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ በሌላው በኩል አዮዲን ያድርጉ።

ብርሃን ማብዛት። ሳላይን ውስጥ ያለ ሲስት ቀለም ስለሌለው ደማቅ ብርሃን ይውጠዋል። ዳያፍራሙን (የብርሃን ማሳለፊያ ቀዳዳውን) ጠበብ ያድርጉ። መሸፈኛውን መስታወት በሙሉ ከዳር እስከ ዳር በ10 ኦብጀክቲቭ (ከናሙናው በላይ ያለው ማጉያ ሌንስ) ሳያዳርሱ በቀጥታ ወደ 40 መዝለልም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ጥቂት እንቁላል ብቻ ያለበት ናሙና በዚህ ምክንያት ነጻ ተብሎ ይወጣል።

በግምት መለካት። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የዓይን ሌንስ ማይክሮሜትር (ሌንሱ ውስጥ ያለው መለኪያ) ለእያንዳንዱ ኦብጀክቲቭ ለብቻው መስተካከል አለበት፤ በ10 የተስተካከለው በ40 አይሠራም። በሽታ የሚያመጣው አሜባ የኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ ሲስት ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ሲሆን ሲበስል 4 ኒውክሊየስ አለው፤ የበሰለ የኢንታሜባ ኮላይ ሲስት ግን 8። ከ10 ማይክሮሜትር በታች የሆነ ባለ 4 ኒውክሊየስ ሲስት ካገኙ ኢንታሜባ ሃርትማኒን ይጠርጥሩ፤ በሽታ አያመጣም፣ መድኃኒትም አያሻውም።

የሚመስለውን ሁሉ ጥገኛ ተሕዋስ ማለት። ነጭ የደም ሴል ባለ ብዙ ኒውክሊየስ ሲስት መስሎ ያታልላል። የእሱ ኒውክሊየስ ግን የሴሉን ሰፊ ክፍል ይይዛል፣ ቁርጥራጮቹም በቀጭን ክር የተያያዙ ናቸው። የእጽዋት ፀጉር እንደ እጭ ይታያል፤ ውስጡን ቢያዩት አንጀት የለውም፣ አይንቀሳቀስም። የአበባ ዱቄት ከኮሶ ትል እንቁላል ጋር ይምታታል። ስድስቱን መንጠቆዎች ውስጡ ካላዩ አይወስኑ።

ሂስቶሊቲካ ብሎ መደምደም። በሽታ የማያመጣው ኢንታሜባ ዲስፓር በቅርጽ ፍጹም ተመሳሳይ ነው። ትሮፎዞይቱ ቀይ የደም ሴል ካልዋጠ በስተቀር "ሂስቶሊቲካ/ዲስፓር" ተብሎ መጻፍ አለበት። ቀይ የደም ሴል የሚውጥ ማክሮፌጅም (የሰውነት መከላከያ ሴል) አለና፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ እንቅስቃሴ መኖሩን ያረጋግጡ።

አንድ ናሙና አይቶ ነጻ ማለት። ጃርዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ) በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም፤ ጥርጣሬ ካለ በ10 ቀን ውስጥ በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ 3 ናሙናዎች ይታዩ።

የካቶ ካትዝ ስላይድን (የተለካ ሰገራ በግሊሰሪን ተደርጎ የትል እንቁላል የሚቆጠርበትን) ማዘግየት። ግሊሰሪኑ የመንጠቆ ትል እንቁላልን እያጠራ ያጠፋዋል፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይነበብ። ለቢልሃርዚያና ለወስፋት ቢዘገይም ችግር የለውም። በ41.7 ሚሊግራም መስፈሪያ የተቆጠረው በ24 ሲባዛ የ1 ግራም ሰገራ እንቁላል ቁጥር ይሆናል፤ መስፈሪያው ሌላ መጠን ከሆነ ግን ማባዣውም ይለወጣል።