የአውሮፓና የእስያ ሰዎችን ለማወያየት ሲዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእስያና አውሮፓ ጉባኤ (አሴም) በ1996 ባንኮክ ላይ ሲጀመር የመንግሥታት መድረክ ነበር። በዓመቱ ሲንጋፖር ላይ የተቋቋመው የእስያ-አውሮፓ ፋውንዴሽን ግን ወጣቶችን፣ መምህራንን፣ የሙዚየምና የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችን ማገናኘት ሥራዬ ብሎ ያዘ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ ማዘጋጃ ቤቶችም፣ ማኅበራትም እንዲህ ያለ መድረክ ያዘጋጃሉ። መድረኩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው፦ ርዕሱን፣ ቋንቋውንና ቀኑን አንዱ ወገን ብቻውን ወስኖ ሲጨርስ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አጀንዳውን ለብቻ ማርቀቅ

ገንዘቡ ከአውሮፓ ሲመጣ ርዕሱም ከዚያው ይመጣል። ብራሰልስ ወይም በርሊን የተጻፈ ሰነድ ለጃካርታና ለሃኖይ አጋሮች ይላካል፤ «አስተያየት ካላችሁ በአንድ ሳምንት አሳውቁን» ይባላል። አጋሮቹ ጥቂት ቃላት አርመው ይመልሱታል። ቀኑ ሲደርስም ብዙ ስለማያሳስባቸው ጉዳይ በትሕትና ንግግር አድርገው ይሄዳሉ።

ከስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ርዕስ ሳይኖር፣ ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሰዎች ያሉበት አርቃቂ ቡድን ያቋቁሙ። እያንዳንዱ ወገን ከሌላው ሊሰማ የሚፈልገውን ሦስት ጥያቄ ይጻፍ። አውሮፓውያኑም ተጠያቂ የሚሆኑበት ክፍለ ጊዜ ይኑር፤ ስለ አረጋውያን አያያዝ፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ስደተኞች ከእስያ በኩል የሚነሳ ብዙ ጥያቄ አለ። በጀቱንም ለሁለቱም ያሳዩ።

ይህ ስህተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከታሪክ ይታያል። ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ማኅበር አባል የሆነው) ሚስዮናዊ ማቴዎ ሪቺ በ1582 ማካው ገብቶ ቻይንኛ ተማረ፣ የአገሩን ሊቃውንት ልብስ ለበሰ፣ በ1601 ቤጂንግ እንዲኖር ተፈቀደለት። ቻይናውያን ክርስቲያኖች ለአያት ቅድመ አያቶቻቸው የሚያደርጉትን የአክብሮት ሥርዓትም አልነካባቸውም። እሱ ከሞተ በኋላ ክርክሩ ሮም ደረሰ። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በ1700 ሥርዓቱ አምልኮ እንዳልሆነ ራሱ ቢያረጋግጥም፣ ሮም በ1704ና በ1715 ከለከለችው። ካንግሺም በ1721 ስብከቱን አገደ። የሮም ክልከላ የላላው በ1939 ነው። የእኛም አገር ታሪክ ተመሳሳይ ነው፦ ከህንዷ ጎዋ የመጣው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ በትዕግሥት ሠራ፤ በ1625 የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለወጥ አለ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ። በሁለቱም ቦታ የሥርዓቱ ባለቤት ስለ ራሱ ሥርዓት የተናገረው አልተሰማም።

ዝምታን እንደ ባዶነት ወይም እንደ ስምምነት መቁጠር

ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ሲል የኔዘርላንድና የጀርመን ተሳታፊዎች እጅ ያወጣሉ፤ ከጃፓን፣ ከኮሪያ ወይም ከታይላንድ የመጡት ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ሪፖርቱ ላይም «ተሳትፏቸው አነስተኛ ነበር» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ትልቅ በደል ነው። አለቃው በተቀመጠበት የተለየ ሐሳብ በአደባባይ ማንሳት ነውር የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው። በጃፓን መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ልዩነት የሚፈታው ከስብሰባ በፊት አንድ በአንድ በሚደረግ ምክክር ነው፤ ነማዋሺ ይሉታል። ስብሰባው የተመከረበትን ማጽኛ ነውና፣ እዚያው ድንገት የቀረበ ጥያቄ መልስ ባያገኝ አይገርምም።

ስለዚህ ጥያቄዎቹን ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ ይላኩ። ክፍለ ጊዜውን በአምስት ደቂቃ ጸጥታ ይጀምሩ፤ ሁሉም ሐሳቡን ስም በሌለው ካርድ ላይ ይጻፍ። ቀጥሎ አራት አራት እየሆኑ ለ20 ደቂቃ ይነጋገሩና ከየቡድኑ አንድ ሰው ያቅርብ። ሐሳቡ የቡድኑ ስለሚሆን ማንም ብቻውን አይጋለጥም። አለቃና የበታች ሠራተኛ አንድ ቡድን ውስጥ አይግቡ። የ15 ደቂቃውን የሻይ ዕረፍት 40 ያድርጉት፤ በአዳራሹ ያልተባለው ብዙ ነገር የሚባለው እዚያ ነው።

«እናስብበታለን» ወይም «ትንሽ ያስቸግራል» የሚል መልስም በትሕትና የተነገረ እምቢታ ሊሆን ይችላል። አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ትተው «ምን ቢስተካከል ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ግን ሕግ አያድርጉት። ብዙ ፊንላንዳውያን ዝምታ አያስጨንቃቸውም፤ የዴልሂ ምሁራንም ሰብሳቢውን ዕረፍት ሊነሱት ይችላሉ።

አንድን ሰው የእስያ እንደራሴ ማድረግ

ዛሬ አሴም ውስጥ በእስያ በኩል የሚቀመጡት አገሮች 21 ናቸው፤ በአውሮፓ በኩል 30። የህንድ ሕገ መንግሥት ብቻውን 22 ቋንቋዎችን ይዘረዝራል። ሆኖም አንድ ቻይናዊና አንድ ጃፓናዊ ጠርተው «የእስያን አመለካከት» የሚጠይቁ አዘጋጆች አሉ። በእስያውያን መካከል ያለው ቁስልም ይረሳል፤ የኮሪያና የጃፓን ወይም የህንድና የፓኪስታን ተሳታፊዎችን ያለ ዝግጅት ስለ ታሪክ ማነጋገር አደጋ አለው። ሰዎችን በሙያ ማገናኘት የተሻለ ነው፦ ነርስን ከነርስ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያን ከባልደረባው። በተጨባጭ ሥራ ላይ ሲነጋገሩ እያንዳንዱ ስለሚያውቀው ነገር ይናገራል።

እንግሊዝኛን ለሁሉም እኩል አድርጎ ማየት

ፈጥኖ የሚናገር ሰው መድረኩን ይይዛል፣ ቃል የሚፈልገው ይቀራል። አስተርጓሚ ካለ ጊዜውን በትክክል ያስሉ። ተናጋሪው እየቆመ በየተራ የሚተረጎም ከሆነ የ30 ደቂቃ ንግግር 60 ደቂቃ ይወስዳል። በጆሮ ማዳመጫ፣ በአንድ ጊዜ የሚተረጎም ከሆነ ደግሞ በየቋንቋው ሁለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ፣ አለበለዚያ ድካም ስህተት ያመጣል። ጽሑፎቹንና የሙያ ቃላቱን ከሳምንት በፊት ይስጧቸው። ቀልድ ብዙ ጊዜ በትርጉም ይሞታልና ከንግግሩ ይውጣ።

የቅኝ ግዛቱን ታሪክ «ያለፈ ነገር» ብሎ መዝለል

ኔዘርላንድ በ2023 ለኢንዶኔዥያና ለስሪላንካ 478 ቅርሶችን ለመመለስ ወሰነች። ከነዚህ አንዱ በ1765 የተዘረፈውና በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም የኖረው የስሪላንካው የካንዲ መድፍ ነው። ጉዳዩ በመንግሥታት ደረጃ ሕያው ሆኖ ሳለ በአዳራሽ ውስጥ ዝም ማለት እንግዶቹን ያስከፋል። በሁለተኛው ቀን፣ ሰዎች ትንሽ ከተዋወቁ በኋላ፣ 90 ደቂቃ ይመድቡለት፤ የመጨረሻው ሰዓት ላይ አያድርጉት። ውይይቱ ከአንድ ዕቃ ወይም ሰነድ ይነሳ፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ታሪክ አዋቂ ይኑር። የቻተም ሃውስን ደንብ መጀመሪያ ላይ ያስታውቁ፦ የተባለው ይወራል፣ ማን እንዳለው አይወራም። የሚያበላሸው ሌላው ነገር ረጅም የጸጸት ንግግር ነው፤ በደል የደረሰበት ወገን ተናጋሪውን ወደ ማጽናናት ይገባል፣ ጥያቄውም ይቀራል።

በሥነ ሥርዓት መመሪያ ተጠምዶ ስምን ማበላሸት

የአክብሮት ደንብ የሚዘረዝር 30 ገጽ ማንም አያነብም። ጥቂቱ ይበቃል፦ የስም ካርድ በሁለት እጅ ይሰጣል፤ በህንድና በኢንዶኔዥያ ምግብ በግራ እጅ አይቀበሉም፤ በታይላንድ የሰው ጭንቅላት አይነካም። ስም ግን ያስቀይማል። ቻይናውያን፣ ኮሪያውያንና ቬትናማውያን የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ ብዙ ኢንዶኔዥያውያን አንድ ስም ብቻ አላቸው። በአያቱ ስም «ሚስተር» እየተባለ የሚጠራ ኢትዮጵያዊ ችግሩን በደንብ ያውቀዋል። ቅጹ ላይ «ሙሉ ስም» እና «የሚጠሩበት ስም» የሚሉ ሁለት ቦታዎች ብቻ ይኑሩ። ምግብንም እዚያው ይጠይቁ፤ ሃላልና ጾም ብቻ ሳይሆን ሽንኩርትና ድንች የማይበሉ የጃይን እምነት ተከታዮችም አሉ።

ቀንና ቪዛ

ረመዳንን፣ የጨረቃ አዲስ ዓመትን፣ የቻይናን የኦክቶበር መጀመሪያ ሳምንትና የአውሮፓን ኦገስት ይሽሹ። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ቀድሞ አይገባም፣ 15 ቀን ሲቀረው ደግሞ ይዘገያል፤ ውሳኔው በተለምዶ 15 ቀን ቢሆንም እስከ 45 ሊደርስ ይችላል። የጥሪ ደብዳቤው ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይድረስ። በኢንተርኔት ከሆነ፣ በአውሮፓ የብርድ ወራት ብራሰልስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዴልሂ ከቀኑ 7፡30፣ ቶኪዮ 11 ሰዓት ነው። የማይመቸውን ሰዓት በተራ ይሸከሙት።

በጋራ መግለጫ መጨረስ

መግለጫውን ማንም መልሶ አያነበውም። የኃላፊው ስምና ቀን የተጻፈባቸው ሦስት ትናንሽ ሥራዎች ይዘው ይለያዩ፤ ማስታወሻው በ14 ቀን ውስጥ በተሳታፊዎቹ ቋንቋዎች ይድረሳቸው። ከበጀቱ አንድ አሥረኛውን ለክትትሉ ያስቀሩ፤ ስድስት ወር ቆይተው ሁለት ሰዓት የሚገናኙበትን ቀንም ከመበተናቸው በፊት ይቁረጡ።