ለማክላረን ኤምፒ4/4 ሞዴል ትክክለኛውን ቀለም መምረጥ

እ.ኤ.አ. በ1988 ከ16 ውድድሮች 15ቱን ያሸነፈውን የማክላረን ኤምፒ4/4 የፎርሙላ ዋን መኪና ሞዴል (አነስተኛ የፕላስቲክ ቅጂ) የሚቀባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለቀዩ ቀለም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። እውነተኛው መኪና በቴሌቪዥን ሲታይ የስፖንሰሩን የማርልቦሮ ሲጋራ ቀይ እንዲመስል ሲባል የተቀባው ወደ ብርቱካናማ በሚያደላ ፍሎረሰንት (እጅግ ደማቅ ሆኖ የሚያበራ) ቀይ ስለነበር፣ በፎቶግራፍ ብቻ ተመርቶ የሲጋራውን ፓኬት ቀይ መምረጥ ያሳስታል። ፍሎረሰንት ቀለም ከሥሩ ያለውን ስለማይሸፍን፣ በነጭ መሠረት ላይ በስሱ እየተደራረበ ይቀባል።

የካርቦን ፋይበር ክፍሎችና ጎማዎች ድፍን ጥቁር ባይሆኑ ይመረጣል፤ በእውነተኛው መኪና 1/20 መጠን በተሠራ ሞዴል ላይ ድፍን ጥቁር ቅርጻቸውን ስለሚውጠው፣ ለካርቦኑ በመጠኑ የሚያብረቀርቅ፣ ለጎማው ደግሞ ፈጽሞ የማያብረቀርቅ ጠቆር ያለ ግራጫ ይስማማል (የሚያብረቀርቅ ጎማ፣ በእኔ ዓይን፣ ሞዴሉን አሻንጉሊት ያስመስለዋል)። የተመረጠው ቀለም በትርፍ ፕላስቲክ ላይ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ በቀን ብርሃን ይታይ።