የኮንክሪት ጥንካሬ ሙከራ በስታትስቲክስ እንዴት እንደሚታቀድ

ብዙ የምህንድስና ተማሪዎች ስታትስቲክስን የሚያስታውሱት ሙከራው አልቆ ቁጥሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የተበላሸ ዕቅድ በስሌት አይቃናም። ስለዚህ አንድ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ በላቦራቶሪ ሊሠራው በሚችል ሙከራ ላይ ዕቅዱን ከመነሻው እንመልከት።

መጀመሪያ ጥያቄውን በጽሑፍ ያስቀምጡ። የውሃና የሲሚንቶ ምጥጥን ከ0.45 ወደ 0.55 ከፍ ሲል ኮንክሪቱ ከተሠራ በ28ኛው ቀን የሚኖረው ጥንካሬ ምን ያህል ይቀንሳል? ቅነሳውስ በወንዝ አሸዋና ከድንጋይ በተፈጨ አሸዋ እኩል ነው? ሁለቱ ምጥጥኖች ከሁለቱ የአሸዋ ዓይነቶች ጋር ሲጣመሩ አራት ድብልቆች ይሆናሉ፤ አራቱም መሠራት አለባቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሞከር ሁለቱ ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ይሰውራልና።

ቀጥሎ የድግግሞሹን ቁጥር ይወስኑ። አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ቡኬት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከቦካ ኮንክሪት፣ የተሞሉ ሦስት የመፈተኛ ኪዩቦች ሦስት ድግግሞሾች አይደሉም፤ ሚዛን ላይ የተፈጸመ ስህተት ሦስቱንም እኩል ስለሚነካቸው፣ እርስ በርስ መቀራረባቸው ስለ ድብልቁ አስተማማኝነት ምንም አይነግረንም። ድግግሞሽ ማለት ቁሳቁሱን እንደገና መዝኖ እንደገና ማቡካት ነው። እያንዳንዱ ድብልቅ ሦስት ጊዜ ቢቦካና ከየቡኬቱ ባለ 150 ሚሊ ሜትር ሦስት ኪዩቦች ቢወጡ 36 ኪዩቦች ይኖራሉ፤ ለትንተና የሚቀርቡት ግን የ12ቱ ቡኬቶች አማካዮች ናቸው።

ሥራው ለሦስት ቀናት ከተከፈለ አራቱም ድብልቆች በየቀኑ አንዳንድ ጊዜ ይቡኩ፣ ቅደም ተከተላቸውም በየቀኑ በዕጣ ይለይ። የስታትስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ከ1919 ጀምሮ በእንግሊዝ የሮዛምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ያዳበረው ይህ ሥርዓት የቀናቱን ልዩነት ከድብልቆቹ ልዩነት ለይቶ ያወጣል። እርጥብ አሸዋ ይዞት የሚመጣው ውሃ ምጥጥኑን ስለሚያዛባ፣ እርጥበቱን በየቀኑ ለክተው ከሚጨመረው ውሃ ላይ ይቀንሱ።

ከ28 ቀን በኋላ፣ ለምሳሌ የወንዝ አሸዋው አማካይ ጥንካሬ ከ38 ወደ 30 ሜጋ ፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ)፣ የተፈጨው ደግሞ ከ36 ወደ 33 ወረደ እንበል። አማካይ ቅነሳው 5.5 ነው፤ ነገር ግን አንደኛው 8፣ ሌላው 3 ስለሆነ ይህን አንድ ቁጥር ብቻ መዘገብ ያሳስታል። ቅነሳውን ለየአሸዋው ለይተው፣ ከ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ቅነሳ ይገኝበታል ተብሎ ከሚገመተው የቁጥር ክልል) ጋር ያቅርቡ፤ ክልሉም የሚሰላው የቀኑና የድብልቁ ልዩነት ከተቀነሰ በኋላ በቀሩት 6 የነጻነት ዲግሪዎች (የሙከራውን ስህተት ለመገመት በቀሩት ነጻ መረጃዎች ቁጥር) ነው።