አይቡፕሮፌን በድሬዳዋ ሙቀት፦ ከመዋጥዎ በፊት ምን ያድርጉ?

ጥርስ ሲያም፣ ወገብ ሲይዝ፣ የወር አበባ ሕመም ሲበረታ ብዙዎቻችን ወደ አይቡፕሮፌን እንሮጣለን። ሕመምን፣ እብጠትንና ትኩሳትን ያስታግሳል፤ ጥሩ መድኃኒት ነው። ድሬ ላይ ግን ዝም ብሎ አይዋጥም።

መጀመሪያ ትኩሳት እንዳለዎት ይለኩ። ካለ አይቡፕሮፌኑን ያቆዩት። ከተማችን በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈውን የትኩሳት በሽታ፣ ደንጌን፣ በደንብ ታውቀዋለች። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝ መልክ የተረጋገጠው እዚሁ ነው። ደንጌ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌቶች ቁጥር ያወርዳል። አይቡፕሮፌን ደግሞ የቀሩትን ሥራ ያዳክማል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ሊደማ ይችላል። ዲክሎፌናክና አስፒሪንም ያው ናቸው። ስለዚህ ምርመራ እስኪደረግ ድረስ መጠኑን ሳያሳልፉ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ትኩሳቱ በረደ ብለውም አይዘናጉ፤ ደንጌ የሚከፋው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድና የአፍንጫ መድማት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።

ትኩሳት ከሌለ ቀጥሎ ውሃ ነው። አይቡፕሮፌን የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ ግን የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳያንስም ያግዛል። በፀሐይ ላብ ሲያጠምቅዎት ከዋለ ወይም ተቅማጥ ካለብዎት ኩላሊትዎ ይህን እገዛ አጥብቆ ይፈልጋል። በደንብ ጠጥተው ሽንትዎ ሳይነጣ አይዋጡት። ሲቅሙ ውለው ምግብ ካልቀመሱም መጀመሪያ ይብሉ።

መጠኑ ለአዋቂ 200 ወይም 400 ሚሊ ግራም ነው፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት እየጠበቁ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በ24 ሰዓት ከ1200 ሚሊ ግራም አይለፉ። ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጡት። ለልጅ የሚሰጠው በክብደቱ ተሰልቶ ነውና ኪኒን ገምሶ መስጠት አይገባም።

ነፍሰ ጡር፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ አስም የሚያስቸግረው፣ የደም ግፊት ወይም ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ፋርማሲ ሲገቡ የሚወስዱትን ሁሉ ይናገሩ። አይቡፕሮፌን እየዋጡ ዲክሎፌናክ መርፌ መወጋት ጉዳቱን እንጂ ፈውሱን አይጨምርም።

ሕመሙ በጥቂት ቀናት ካልለቀቀዎት ኪኒን መደራረቡን ትተው ይታዩ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ጨጓራዎ እየደማ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱን አቁመው ያኑ ጊዜ ወደ ሐኪም ይሂዱ።